ተሰላፊዎቹን ማን ይምረጥ?

በቅርጫት ኳስ ከአንድ ቡድን ሜዳ የሚገቡት አምስት ሰዎች ናቸው። እኛ ተማሪዎቹ ስንጫወት አምስቱን የሚለየው አሠልጣኙ ነው፤ የቀረነው ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ተራችንን እንጠብቃለን። በአሜሪካ ግን ኤን.ቢ.ኤ. የሚባለው ማኅበር በያመቱ የኮከቦች ጨዋታ ያዘጋጃል። ይህ ጨዋታ በ1951 (እ.ኤ.አ.) በቦስተን ተጀመረ። ከ1975 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ተሰላፊዎች ተመልካቹ በድምፅ መምረጥ ጀመረ።

ታዲያ ሕዝብ የሚመርጠው ጎበዙን ብቻ ነው እንዴ? የወደደውንም፣ ያገሩን ልጅም ይመርጣል እኮ! በ2017 ዛዛ ፓቹሊያ የተባለ፣ በካውካሰስ ካለችው ከጆርጂያ አገር የመጣ ተጫዋች፣ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። ከምዕራቡ ቡድን የፊት ተጫዋቾች ሁለተኛ ወጣ፤ ካዋይ ሌናርድን የመሰለውን ኮከብ ሳይቀር በለጠ። የሚፈለጉት ሦስት ነበሩ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ደንቡ ተለውጦ ነበር። የተመልካቹ ምርጫ እንደ ግማሽ፣ የተጫዋቾቹ እንደ ሩብ፣ የጋዜጠኞቹም እንደ ሩብ ተቆጠረ። ሲደመር ዛዛ ቀረ፤ ሌናርድ ገባ። ለተጫዋቾቹ ሩብ መስጠቱን እኛ ደግ ብለነዋል። ማን እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ሜዳ ላይ የተጋፋው ነዋ! ወንበር ላይ የሚጠብቁትን ተቀያሪዎች ግን ያኔም የመረጡት አሠልጣኞቹ ናቸው።