ቲዎረም ለጉባኤ ሲላክ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1971 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሼከር ሃይትስ ውስጥ በተካሄደ አንድ ጉባኤ ላይ ስቲቨን ኩክ የተባለ ተመራማሪ ስምንት ገጽ ጽሑፍ አቀረበ። «ፒ ከኤንፒ ጋር እኩል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ ማለትም መልሱ በፍጥነት የሚረጋገጥ ችግር ሁሉ በፍጥነት ሊፈታም ይችላል ወይ የሚለው፣ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በዚያ ጽሑፍ ነው። ክሌይ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ለመልሱ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስቀምጧል፤ እስካሁን የወሰደው የለም። የኩክ ጽሑፍ የወጣው በትልቅ የሳይንስ መጽሔት አልነበረም፤ ገና ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ ጉባኤ ላይ ነው።

ጉባኤው ስቶክ ይባላል፤ የኮምፒውቴሽን ንድፈ ሐሳብ ዓመታዊ ሲምፖዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀምሮ ዛሬም በኤሲኤም ማኅበር ሥር ይካሄዳል። ታላቅ ወንድሙ ፎክስ ከ1960 ጀምሮ በሌላ ስም ሲሰበሰብ ቆይቶ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1975 ነው። አውሮፓውያን ደግሞ በ1972 ፓሪስ አጠገብ አይካልፕን ጀመሩ። በሕክምና ወይም በኬሚስትሪ ጉባኤ ማለት ወደፊት በመጽሔት የሚወጣውን ሥራ አስቀድሞ ማሰማት ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ግን ሥራው «ወጣ» የሚባለው ጉባኤው ሲቀበለው ነው። መጽሔት ስልሳና ሰባ ገጽ የሚረዝም ማረጋገጫ መርምሮ እስኪጨርስ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ጉባኤው በሦስት ወር ገደማ ይመልሳል። ፍጥነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የጉባኤ ገምጋሚ እያንዳንዱን መስመር ለመመርመር ጊዜ ስለማይበቃው የማረጋገጫው ትክክለኛነት በዋናነት በጸሐፊዎቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የአላላኩ ሥርዓት ቀላል ነው። ጽሑፉ በላቴክ ይሰናዳል፤ ይህም የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ የራሱ መጻሕፍት ሕትመት አላስደስት ብሎት የፈጠረውን ቴክን መሠረት ያደረገ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ነው። ርዕሱ፣ አጭር መግለጫውና ሰነዱ በጉባኤው የኢንተርኔት ሥርዓት ይጫናሉ። ጸሐፊው ጽሑፎቹን ከሚዳኘው ኮሚቴ አባላት መካከል የቀድሞ አስተማሪዎቹንና የቅርብ የሥራ ባልደረቦቹን ያስታውቃል፤ እነሱ ጽሑፉን አይዳኙም። ያንኑ ሥራ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጉባኤ መላክ ክልክል ነው። ለማስገባት ክፍያ የለም።

ቀነ ገደቡ ግን አይለመጥም። ብዙ ጉባኤዎች «በምድር ላይ የትም» የሚባለውን ሰዓት ይጠቀማሉ፤ የመጨረሻው ቀን በየትኛውም የዓለም ጥግ እስኪያበቃ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ጉባኤው ይህን አቆጣጠር የሚጠቀም ከሆነ ላኪው ሙሉ ሌሊትና ግማሽ ቀን ትርፍ አለው፤ ጉባኤው የራሱን ሰዓት ከጠቀሰ ግን ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ብዙ ድካም ሊፈስባቸው የሚገባው የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። አንድ የኮሚቴ አባል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ከጽሑፎቹም አብዛኞቹ ከራሱ ጠባብ ዘርፍ ውጭ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር ፊት ለፊት ቆሞ ነው፤ ቢጠየቅ ያስረዳል፣ ቢሳሳት እዚያው ይታረማል። ለጉባኤ የተላከ ጽሑፍ ግን ብቻውን ነው የሚቆመው። አንባቢው ሦስተኛው ገጽ ላይ «ታዲያ ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰው አጠገቡ የለም።

ለምሳሌ የማትሪክስ ማባዛትን እንውሰድ። በተለመደው መንገድ የሥራው ብዛት በማትሪክሱ ስፋት 3 አርቢ ያድጋል። ፎልከር ሽትራሰን በ1969 አርቢውን ወደ 2.81 ገደማ አወረደው። ኮፐርስሚዝና ዊኖግራድ በ1987 ስቶክ ላይ ባቀረቡት ሥራ 2.376 አደረሱት፤ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ማንም አላነቃነቀውም። ቨርጂኒያ ቫሲሌቭስካ ዊሊያምስ በ2012 እዚያው ስቶክ ላይ ወደ 2.373 ዝቅ አደረገችው። ለውጡ በሦስተኛው አስርዮሽ ላይ ነው። ከዘርፉ ውጭ ላለ ሰው ይህ ከንቱ ድካም ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መግቢያው ሊናገር የሚገባው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፦ የቀድሞው ዘዴ ለምን ሃያ ዓመት እንደቆመ፣ የትኛው መሰናክል እንደተነሣ፣ የተገኘው መሣሪያ ለሌላ ምን እንደሚያገለግል ጭምር መናገር አለበት። እኔ ጥሩ መግቢያ የምለው ማረጋገጫውን ሳላነብ ሐሳቡን ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚያስችለኝን ነው። ሙሉው ማረጋገጫ ግን በዚያው ሰነድ ውስጥ መኖር ይገባዋል፤ «ዝርዝሩ በኋላ ይወጣል» ማለት ለጽሑፉ ጉዳት ነው።

በዚህ ዘርፍ የጸሐፊዎች ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው፤ ማን የበለጠ እንደሠራ ከቅደም ተከተሉ አይታወቅም። ተራው የሚወሰነው በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቦታውን የሚሰጠው የአባቱ ስም ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስቶክና ፎክስ የጸሐፊዎችን ስም ከገምጋሚዎች መሸፈን ጀምረዋል። ይህ እንደ እኔ ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ከታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ያልመጣ ወጣት መጀመሪያ በሥራው እንዲታይ ዕድል ይሰጠዋል።

አንድን ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ያህል ሰዎች ያነቡታል፤ ኮሚቴው ለውጭ ባለሙያም ይልካል። ከዚያ ክርክር ይከተላል። በመጨረሻ ስቶክ የሚቀበለው ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ውሳኔው ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ቅርብ በሆነው የማሽን ለርኒንግ ዘርፍ የ2014ቱ ኒውሪፕስ ጉባኤ 166 ጽሑፎችን እርስ በርስ ለማይገናኙ ሁለት ቡድኖች ሰጥቶ ነበር። ቡድኖቹ ከአራቱ በአንዱ ያህል ላይ ተለያዩ፤ አንዱ ከተቀበላቸው ውስጥ ከግማሽ በላዩን ሌላው ጣላቸው።

ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ ይህን በራሳቸው አይተውታል። አንድ ነገር እውነት መሆኑን፣ ከእውነትነቱ በቀር ምንም ሳይገልጡ ለሌላ ሰው ማረጋገጥ እንደሚቻል ያሳዩበት ጽሑፍ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልሶባቸዋል። በመጨረሻ በ1985 ስቶክ ተቀበለው። በ1993 የዘርፉ የጎዴል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጣቸው ሁለት ጽሑፎች አንዱ ሆነ፤ ዛሬ ሐሳቡ በክሪፕቶግራፊ ውስጥ መሠረት ነው።

ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ካሉት ጸሐፊዎች አንዱ ሥራውን በጉባኤው ላይ ያቀርባል። ለአፍሪካ ተመራማሪ ትልቁ ፈተና እዚህ ይጀምራል፦ የቲኬትና የምዝገባ ገንዘብ፣ ከዚያም ቪዛ። የቪዛው ችግር ከጉባኤ አዘጋጆችም ጆሮ ደርሷል፤ አይክሊር የተባለው የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። ኮቪድ መጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ። በ2023 ግን ኪጋሊ ላይ ተካሂዷል። የንድፈ ሐሳብ ጉባኤዎችም ይህን መንገድ ቢከተሉ እመኛለሁ።

ጽሑፉ ለተመለሰበት ሰው የጉባኤዎቹ የቀን መቁጠሪያ ራሱ ይረዳል። ስቶክ ጽሑፍ የሚሰበስበው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ሲሆን ውሳኔውን በየካቲት አካባቢ ያሳውቃል፤ የፎክስ ቀነ ገደብ በሚያዝያ፣ ሶዳ የተባለው የአልጎሪዝም ጉባኤ ደግሞ በሐምሌ ነው፤ ወራቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ያለው ጊዜ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ደጋግሞ ለማንበብና መግቢያውን ከሥሩ እንደገና ለመጻፍ ይበቃል።