ሙሽራዋ፣ ጥርሷና ውሸታሙ ልክ!

ሠርጓ 11 ቀን ቀርቶታል። ቬሎው ተመርጧል፤ ካርዱ ተበትኗል፤ የቪዲዮው ቀብድ ተከፍሏል። ያልተሟላ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው… ፊት ለፊት የጎደለው ጥርሷ!

ይቺ የ24 ዓመት ቆንጆ አፏን በመዳፏ ሳትጋርድ ስቃ አታውቅም። «ታዲያ በሠርጌ ቀን በአበባው ልሸፍነው?» እያለች ስትጨነቅ ከረመችና፣ በመጨረሻ ቆርጣ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አዘዘች። ከአራት ቀን በኋላ ጥርሱ ደረሰ። አፏ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ሰው ጫማ አልሆን አለ። አንዴ ይነቃነቃል፣ አንዴ ድዷን ይወጋል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጥፋቱ የማን ነው? ጥርሱን የሠራው ባለሙያ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ! ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ የተበላሸው ልኳ የተወሰደ ዕለት ነው።

ከባሕር የመጣ ሊጥ

ልክ ሲወሰድ አፋችን የሚገባው ያ ቀዝቃዛ ሊጥ ብዙውን ጊዜ አልጂኔት ነው። ከቡናማ የባሕር አረም የሚሠራ ዱቄት ሲሆን በውሃ ተለውሶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ እንደ ጎማ ይሆናል። አብዛኛው አካሉም ውሃ ነው።

ለምን ጎማ? ጥርስ ሆዱ ወፈር፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ነው። ልኩ ሲወጣ በወፍራሙ በኩል ተለጥጦ ማለፍ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ቅርጹ መመለስ አለበት። እንደ ድንጋይ ቢደርቅ አይወጣም፤ እንደ ማስቲካ ቢሆን ተለጥጦ ይቀራል። አልጂኔት ተጭኖ ሲለቀቅ ቢያንስ ወደ መጀመሪያ ቁመቱ 95 በመቶ እንዲመለስ ዓለም አቀፉ ደረጃ ያዛል። ጥሩው ሲሊኮን ግን ከ99 በመቶ በላይ ይመለሳል። ቋሚ የጥርስ ሽፋን ሲሠራ ሐኪሞች ወደ ሲሊኮኑ የሚያዘነብሉት ወደው አይደለም። ምላሳችን እንኳ አንዲት ፀጉር ታውቃለች!

የተቀደደ ይሻላል!

ልኩ ሲወጣ ቢቀደድ ሐኪሙ ያየዋል፤ ይደግመዋል። ሳይቀደድ ተለጥጦ የቀረ ልክ ግን ውሸታም ነው። ዓይን ሲያየው ደህና ነው፤ ውሸቱ የሚጋለጠው ጥርሱ ተሠርቶ ሲመጣ ነው።

የሙሽራችን ልክ የዋሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አቅለሽልሿት ስትንፈራገጥ ሊጡ በደንብ ሳይጠና ቀስ እየተባለ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ወጣ። ጭካኔ ይመስላል እንጂ አልጂኔት መውጣት ያለበት በአንድ ፈጣን ስበት ነው። በፍጥነት ሲሳብ መቀደድን ይቋቋማል፤ ቶሎም ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ቀስ ሲባል ግን እንደተለጠጠ መቅረት ይወዳል። ሁለተኛ፣ ልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ምሳ ተበላ! አልጂኔት ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ያብጣል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጀሶ ሊፈስበት ይገባል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ልክ ከመወሰዱ በፊት ሆዳችሁን አትሙሉ። ሊጡ ሲገባ አንገታችሁን ወደፊት ዘንበል አድርጋችሁ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። አታውሩ፤ በምላሳችሁም አትነካኩት። «ደርቋል፣ አውጡልኝ!» እያላችሁ አታዋክቡ። ጎማ ከመሰለ በኋላ የሚጨመሩት ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ናቸው ጥንካሬ የሚሰጡት። የሚነቃነቅ ጥርስ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ «እንድገመው» ካለም አትቆጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ሙሽራችንም አልተቆጣችም። ሁለተኛው ልክ ሲወሰድ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ልኩ ላፍ ተደርጎ ወጣ፤ ጀሶውም እዚያው ዓይኗ እያየ ፈሰሰበት። አዲሱ ጥርስ የደረሰው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ቀጥ ብሎ ገባ።

የሠርጉን ቪዲዮ ያየ ሰው ይመስክር። ከመግቢያው እስከ ኬክ ቆረሳው ስትስቅ ነው የዋለችው… ሁለቱም እጆቿ አበባው ላይ ነበሩ።

ቸር ይግጠመን!