የጎጃም መንገድ ዐቀበትና የቱርቦ ሞተር ሙቀት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በእንጦጦ ትከሻ ላይ ወደ ሱሉልታ የሚሻገረውን የጎጃም መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ቤታችሁን ሱሉልታ ሠርታችሁ ቢሮአችሁ አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ዐቀበቱን በየቀኑ ትመላለሱበታላችሁ። በዚህ መንገድ ዳር የሞተሯ ክዳን ተከፍቶ፣ በእንፋሎት ተሸፍና የቆመች አውቶሞቢል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሲፈልግ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚውም «ፈላችበት» ብሎ ያልፋል። በዛሬው ንግግሬ ይህች መኪና ስለምን እንደ ፈላች፣ ሞተሯም ተፈትቶ በሚታደስበት ጊዜ ምን መደረግ እንደሚገባው ለማስረዳት አስቤአለሁ። ለምሳሌ የምጠራውም ከሰው ሁሉ ይልቅ ሙቀትን የሚፈራውን ባለሙያ፣ ይኸውም ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ለሚሽቀዳደም ባለ ቱርቦ አውቶሞቢል ሞተር የሚያዘጋጀውን መካኒክ ነው።

አስቀድሞ የአየሩን ነገር እንመልከት። ሯጮቻችን ለልምምድ ወደ ሱሉልታ የሚወጡበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ስስ አየር የሳንባን ጉልበት ይፈትናል። ሞተርም እንደ ሯጭ በአየር የሚኖር ነገር ስለሆነ ከዚሁ ፈተና አያመልጥም። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብለን ብንቈጥረው፣ በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ 73 ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጂቡቲ ወደብ ከመርከብ ስትወርድ 100 የፈረስ ጉልበት የነበራት ቱርቦ የሌላት መኪና፣ ሱሉልታ ስትደርስ ከጉልበቷ ሩቡን ያህል በመንገድ ጥላ መጥታለች ማለት ነው። ለዚህ ጉድለት ማንም ጋራዥ ተጠያቂ አይደለም፤ ካንዴላ ቢለወጥ፣ ፊልትሮ ቢጸዳ የተራራው ግብር አይቀርም።

ይህን ግብር የሚያስቀር መሣሪያ ግን አለ፤ እርሱም ቱርቦ ነው። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ትናንሽ ክንፋም መንኰራኵሮች ናቸው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጢስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚሁ ጉልበት ንጹሕ አየር ስቦና ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። የዘንጉ ፍጥነት በደቂቃ ከመቶ ሺሕ ዙር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሐሳቡን አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል፤ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ)። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ተራራ አውጥቶ ሞከረው። በዝቅተኛ ስፍራ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ላይ 230 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ ግን 356 ሰጠ። እኛ በደጋ ለምንኖር ሰዎች ይህን ያህል የሚመለከተን የሞተር ሙከራ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ነገር ግን ቱርቦ የተራራውን ግብር የሚያስቀረው በነጻ አይደለም፤ በሙቀት ያስከፍላል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሁሉ የፖምፓው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። 20 ዲግሪ የነበረ አየር በባሕር ጠረፍ ላይ በእጥፍ ቢጨመቅ፣ ከመልካም ቱርቦ እንኳ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ 110 ዲግሪ ይደርሳል። ሱሉልታ ላይ ያንኑ ግፊት ለማግኘት አየሩን ሁለት ጊዜ ሳይሆን 2.7 ጊዜ ያህል መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱም ከ150 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ የጋለ አየር ወደ ሲሊንደር ቢገባ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን ይመታዋል። ስለዚህ ከቱርቦው ቀጥሎ ኢንተርኩለር የሚባል ሁለተኛ ራዲያተር ይደረጋል፤ ሥራውም የታመቀውን አየር ማቀዝቀዝ ነው። ደጋው ግን በዚህም ላይ እጁን ይዘረጋል፤ ራዲያተሮቹን የሚያቀዘቅዘው የውጪ አየር ራሱ ስስ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነውና።

ከዚህም ሌላ የውሃው ጉዳይ አለ። በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ባቄላ የቀቀለች እመቤት ይህን ሳትማር ታውቀዋለች። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት በብዙ ሞተሮች ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታል። እንግዲህ ሞተሩ በደኅና በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል የቀረው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጎማው ያላረጀ፣ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የሱሉልታን የመፍያ ነጥብ ከ91 ወደ 114 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በዋጋ ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ የረከሰው ይህ ክዳን ሆኖ ሳለ፣ መኪና በፈላች ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰበውም እርሱ ነው።

አንዳንድ ሾፌሮች «ቴርሞስታት ያፈላል» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። ይህ ስሕተት ነው። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ የሚዞርበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከወጣ በኋላ ግን የውሃው ከፊል ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ እንደ ጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የፈላች መኪና ክዳን ወዲያውኑ መክፈትም ከዚህ የባሰ ነው። ከክዳኑ በታች 110 ዲግሪ ደርሶ በግፊት ብቻ ጸጥ ያለው ውሃ፣ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ወደ ሰው ፊት ይዘላል። ሞተሩ አጥፍቶ፣ ቱቦው በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን መጠበቅ ግድ ነው፤ ቢሮ ቢረፍድም ይርፈድ።

ይህ የሙቀት ሂሳብ ያለ ርኅራኄ የሚመረመርበት ስፍራ በፈረንሳይ አገር የሚገኘው የሌ ማን ውድድር ነው። ከ1923 ጀምሮ የሚደረግ የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድምድም ሲሆን፣ ባለ ቱርቦ አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1976 ነው፤ እርሷም ፖርሸ 936 ነበረች። በአንድ ቀንና ሌሊት ከ4,700 ኪሎሜትር በላይ ሄዳለች፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ሦስት ጊዜ ደርሶ ቢመለሱ እንኳ ይህን አያህልም። በሚቀጥለው ዓመት በ1977 ይኸው ዓይነት አውቶሞቢል በብዙ ዙር ሲመራ ቈይቶ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከስድስቱ ፒስተኖች አንዱ ተበላሸ። መካኒኮቹ ያን ሲሊንደር ከሥራ አስወጡት፤ ዩርገን ባርትም በአምስት ሲሊንደር ቀስ ብሎ እየነዳ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ፈጸመና አሸነፉ። በ1978 ፋብሪካው እስከዚያ ድረስ በአየር ብቻ ይቀዘቅዝ የነበረውን የዚህን ሞተር ቴስታታ በውሃ እንዲቀዘቅዝ አደረገ፤ ሲሊንደሮቹን ግን ለአየር ተወላቸው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ በመደረጉ፣ በቫልቮቹ መካከል አየር አልፎ ሙቀቱን የሚወስድበት በቂ ስፍራ አልቀረም ነበርና።

እንግዲህ የውድድር መካኒክ ሞተር ሲያድስ ከየት ይጀምራል? ብዙ ሰው ከፒስተን ይመስለዋል። እርሱ ግን ሙቀቱ የት እንደሚወለድና በየት በኩል እንደሚወጣ ከመመርመር ይጀምራል። እኛ ዘንድ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የአንድ ደመወዝተኛ መኪና ትፈላለች፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ሞተሩ ይወርዳል፤ ሰውየው የብዙ ወራት ቁጠባውን ከፍሎ አዲስ ፋሻ፣ አዲስ ብሮንዚን፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ያስገባል። ራዲያተሩ ግን በውስጡ የጋገረው ዝቃጭ ሳይነካ ተመልሶ ይገጠማል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው እንጦጦ ያችኑ መኪና ያፈላታል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ወጪ የለም፤ ገንዘቡ የተከፈለው በሽታው ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለበሽታው አይደለምና።

ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ አንድ ጊዜ መፍላት ብቻ ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ መለካት አለበት፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከ0.1 ሚሊሜትር የበለጠ መጣመምን አይፈቅዱም፤ ይህም ከአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ብዙ አይርቅም። በዓይን ብቻ አይቶ «ደኅና ነው» የሚል መካኒክ እየገመተ መሆኑን እወቁ። ብሎኖቹም በመመሪያው ተራ፣ ኀይልን በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ ይገባቸዋል። ለውድድር የሚታደስ ሞተር ደግሞ በፋሻዎቹ ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ይሰፋል፤ ብረቱ ሲግል ስለሚረዝም ጫፎቹ ከተገናኙ የሚሄዱበት ያጡና ፒስተኑን ይሰብሩታል። ከፒስተኑ ሥርም ዘይት የሚረጩ ትናንሽ አፍንጫዎች ይደረጋሉ። በቱርቦ ሞተር ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ሙቀት ተሸካሚም ስለሆነ፣ ለእርሱም የራሱ ራዲያተር ይሰጠዋል።

ከሌ ማን ጋራዥ ተነሥቶ ሱሉልታ ድረስ ሊመጣ የሚችለው ትምህርት ግን ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ይኸውም አየርን በመንገዱ ማስሄድ ነው። አየር እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በራዲያተሩ ጎንና ጎን ክፍት ቦታ ካገኘ፣ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች መካከል ለማለፍ አይደክምም። የውድድር መካኒክ ይህን ክፍተት ሁሉ በቆርቆሮና በስፖንጅ ይደፍናል። በእኛ ጋራዦች ደግሞ በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ከለላ «ለሥራ አይመችም» ተብሎ ይወልቅና በዚያው ይቀራል። ከለላ የሌለው ቬንትሌተር የሚስበው በራዲያተሩ ያለፈውን አየር ሳይሆን በጎኑ ያለውን የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። መኪናችሁን ከጋራዥ ስትረከቡ ክዳኑን አስከፍታችሁ ይህን ከለላ እዩት፤ ከሌለ ጠይቁ።

በመጨረሻ የማነሣው ሱሉልታን አልፎ በጫንጮና በፍቼ በኩል ወደ ጎሐ ጽዮን ስለሚዘልቀው ረዥም ጉዞ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ በቆላው ሙቀት ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በዚህ ዐቀበት ላይ የጫነ መኪና በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም፤ ቱርቦው ግን ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ይሠራል። የሙቀቱ መለኪያ ከፍ ማለት ሲጀምር ማርሽ ቀንሶ ጋዙን ማቅለል፣ የመኪናውንም የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ይረዳል። ማሞቂያው ከሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚቀበል ትንሽ ራዲያተር ነውና፤ ተሳፋሪው ቢያልበውም ቴስታታው ይድናል። ደጀን ሲደረስም ሾፌሩ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም። ዘንጉ ገና በፍጥነት እየዞረ፣ የጢሱም መንኰራኵር ገና እንደ ፍም ግሎ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆማል፤ በዘንጉ ዙሪያ የቀረውም ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ እየሠራ ከቆየ በኋላ አጥፍቶ ወደ ሻይ ቤት መግባት ይችላል።