ጎረቤት ያወጣው ዋጋ

ቅዳሜ ከሰዓት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚሸጥ ቤት ለማየት የወጣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በሩን እንዳለፈ በየፊናው ይበተናል። እናት ኩሽና ገብታ ካቢኔ ትከፍታለች። አባት ቤዝመንት ይወርዳል፤ የሚያከራየው፣ ካልሆነም ከአገር ቤት የሚመጡት እናቱ የሚያርፉበት ክፍል መኖሩን ማየት ይፈልጋል። ልጆቹ መኝታ ቤት ይሻማሉ። ቤቱ ይወደዳል፣ ዋጋ ይቀርባል፣ ሻጭ ይስማማል። ከዚያ አበዳሪው ገማች ይልካል፤ እኛ በለመድነው አጠራር አፕሬዘር። እሱ ቤቱ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው ቤተሰቡ አይቷቸው በማያውቃቸው ሦስት አራት ሌሎች ቤቶች ላይ ነው።

ቤቱ ከ1950ዎቹ የቀረ ራምብለር ነው እንበል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀይ ጡብ፣ ባለ አንድ ወለል ከነቤዝመንቱ፣ ሦስት ጠበብ ያሉ መኝታ ቤቶች፣ ደጁ ላይ ቤቱን የሚያክል ዕድሜ ያለው ዛፍ። በአቅራቢያው ያሉት ዊተንና አስፐን ሂል እንዲህ ባሉ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። የድሃ ቤት አይባሉም፣ የሀብታምም አይደሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመለሰው ወታደርና ለመንግሥት ሠራተኛው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ከሚገዟቸው መካከል የእኛ ነርሶች፣ ሾፌሮችና የሒሳብ ባለሙያዎች አሉበት።

ገማቹ ለዓመታት ሲሞላው የኖረው ቅጽ ቁጥሩ 1004 ነው። አወቃቀሩን ልብ ብሎ ላየ ሰው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ቤቱ አሠራር ከመጠየቁ በፊት ስለ ሰፈሩ ይጠይቃል። ሰፈሩ ከተማ ነው፣ ዳርቻ ነው ወይስ ገጠር? ዋጋ እየጨመረ ነው፣ ባለበት ቆሟል ወይስ እየወረደ? ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፦ በሰፈሩ ርካሹ ቤት፣ ውዱ ቤት፣ አብዛኞቹ ቤቶች የሚሸጡበት ዋጋ። ለዕድሜም እንዲሁ። አንድ ቤት ገና ደጁ ሳይረገጥ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያና ሊወርድበት የሚችለው ወለል እዚህች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሰፈሩ ውስጥ አብዛኛው ቤት 600 ሺህ ዶላር ይሸጣል ብለን እናስብ። ሻጩ 120 ሺህ ዶላር አፍስሶ ኩሽናውን በእብነ በረድ ቢያስጌጥ፣ መታጠቢያ ቤቱንም እንደ ሆቴል ቢያደርገው፣ 720 ሺህ ያገኛል ማለት አይደለም። ገማቾች ለዚህ ስም አላቸው፤ ሰፈሩ ከሚችለው በላይ የተሻሻለ ቤት ይሉታል። ከጎረቤቶቹ የበለጠ ቤት በጎረቤቶቹ ወደ ታች ይሳባል፤ ከጎረቤቶቹ ያነሰ ቤት ደግሞ በእነሱ ወደ ላይ ይወጣል። የአሜሪካ ሪልተሮች «ከጥሩ መንገድ ላይ መጥፎውን ቤት ግዛ» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን መጥፎው ቤት ለምን መጥፎ እንደሆነ ሳይጠይቁ የገቡ ሰዎች ጣሪያ ሲቀይሩ ዓመታት ይፈጃሉ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ የእኛ ሰው አዘውትሮ ይደናገጣል። ቤዝመንቱ በእኛ ዘንድ የቤቱ እኩሌታ ነው፤ የሚከራየው እሱ፣ ማኅበር የሚጠጣው እሱ፣ ለቅሶ የሚደረሰው እሱ ውስጥ ነው። በገማቹ ስሌት ግን ከመሬት በታች ያለ ወለል፣ በከፊል የተቀበረ ቢሆንም እንኳ፣ ከመኖሪያው ስፋት ጋር አይደመርም። ለብቻው ይመዘገባል፣ ዋጋውም ከላይኛው ወለል ያነሰ ሆኖ ይታያል። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱ ተደምረው 2,400 ካሬ ጫማ የተባለው ቤት ሪፖርቱ ላይ 1,200 ሆኖ ሲመጣ የተታለሉ የሚመስላቸው አሉ። ማንም አላታለላቸውም፤ ሁለቱ ወገኖች የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው።

ማነጻጸሪያ ቤቶቹን ሰው ሁሉ «ኮምፕ» ይላቸዋል። ገማቹ ቢያንስ ሦስት ይመርጣል፤ ቅርብ፣ ተመሳሳይ፣ በተቻለ መጠን ባለፉት 12 ወራት የተሸጡ። ኮምፑ አንድ ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ካለው ከኮምፑ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጋራዥ ከጎደለው ይጨምርበታል። ማስተካከያው ሁልጊዜ የሚደረገው የጎረቤቱ ቤት ላይ ነው። በመጨረሻ የተስተካከሉት ዋጋዎች የሚገናኙበት አካባቢ አንድ ቁጥር ይጻፋል። አበዳሪው የሚያበድረው ከስምምነቱ ዋጋና ከግምቱ በአነሰው ላይ ተመሥርቶ ነው። ግምቱ ካነሰ ልዩነቱን ወይ ገዢው ከኪሱ ይሞላል፣ ወይ ሻጩ ይቀንሳል፣ ወይ ውሉ ይፈርሳል።

ስሌቱ ንጹሕ ይመስላል። የሚያስቸግረው ኮምፕ የሚባለው ትናንት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ መሆኑ ነው፤ ትናንትን ደግሞ ያበጁት ሰዎች አሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግን ከእርሻነት ወደ መኖሪያ ሰፈርነት ከለወጡት ሰዎች ዋናው ኢ. ብሩክ ሊ የተባለው የመሬት ነጋዴና ፖለቲከኛ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኩባንያው በሸጣቸው ቦታዎች ውል ላይ ቤቱ ለጥቁሮች እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት ውሎች ላይ የተለመደ አንድ ልዩ ሁኔታም ነበር፤ ጥቁሩ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ማደር ይችላል። ዛሬ እዚያው ፌንተን ጎዳና ላይ በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ሰሌዳ እያየ የሚያልፍ ሰው ያን ውል መገመት ይቸግረዋል። በሊ ስም ተጠርቶ የኖረው የሲልቨር ስፕሪንግ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙ የተቀየረው በ2021 ነው።

ሊ ብቻውን አልነበረም፤ የገማችነት ሙያውም አብሮት ነበር። የግምት ባለሙያው ፍሬድሪክ ባብኮክ በ1932 ባሳተመው የንብረት ግምት መጽሐፍ የነዋሪዎች ዘር መቀየር ዋጋ እንደሚያወርድ አስተማረ። በ1934 የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ሲቋቋም የብድር ዋስትና መመሪያውን ከጻፉት ሰዎች ዋናው እሱ ሆነ። መመሪያው ሰፈር እንዲረጋጋ በአንድ ዘርና በአንድ የኑሮ ደረጃ መያዝ አለበት የሚል ነበር። በመንግሥት ዋስትና ከጦርነቱ በኋላ ብድር የፈሰሰው በዚህ ሚዛን ነው። ያ ቀይ ጡብ ራምብለር ሲሠራ ጥቁር ወታደር በአብዛኛው ከሰልፉ ውጭ ነበር።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሼሊና ክሬመር ክርክር ፍርድ ቤቶች በዘር የሚከለክሉ ውሎችን ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። በ1968 የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ወጣ። ግን የገማቾች ማሠልጠኛ መጻሕፍት ዘርን እንደ ዋጋ መመዘኛ ማስተማራቸውን አልተዉም፤ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1976 የገማቾችን ማኅበር ከስሶ በ1977 በስምምነት እስኪያስቀይር ድረስ። ቅጽ 1004 ላይ፣ ሰፈሩ የሚገለጽበት ክፍል አናት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀርታለች። ዘርና የሰፈሩ የዘር ስብጥር የግምት መመዘኛ አይደሉም ትላለች። ማስጠንቀቂያ የሚለጠፈው አደጋ በደረሰበት ቦታ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ከቅጹ ላይ ዘርን አውጥታለች። ኮምፖቹን ግን ከነበሩበት አላንቀሳቀሰቻቸውም። በ1955 ብድር ያገኘው ጎዳና ዋጋው ቀድሞ ጨመረ፣ በጨመረው ዋጋ ቤቱ ታደሰ፣ የታደሰው ቤት ለቀጣዩ ኮምፕ ሆነ። ብድር የተነፈገው ጎዳና በተቃራኒው ሄደ። ዛሬ ገማቹ ማንንም ሳይጠላ፣ በቅን ልቦና፣ ሁለቱን ጎዳናዎች በየራሳቸው ኮምፕ ሲለካ ያንኑ ልዩነት እንደገና ያትመዋል።

ገማቾች ለዚህ መልስ አላቸው፤ እኛ ገበያውን እንመዘግባለን እንጂ አንሠራውም ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ገበያው ያልከፈለውን የሚጽፍ ገማች ለተበዳሪውም አይበጅም። ግን የትኛው ቤት «ተመሳሳይ» ነው የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ዋናውን መንገድ ጆርጂያ አቬኑን ተሻግሮ ኮምፕ መውሰድና አለመሻገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊለውጥ ይችላል፤ መንገዱን መሻገር ደግሞ በሜትር አይለካም። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ያስተምሩ የነበሩ ጥቁር ባልና ሚስት በ2021 ቤታቸው 472 ሺህ ዶላር ተገመተላቸው። የቤተሰቡን ፎቶዎች ከቤቱ አስወግደው፣ አንድ ነጭ የሥራ ባልደረባ ባለቤት መስሎ እንዲቀበል አድርገው ሌላ አበዳሪ ዘንድ በድጋሚ ሲያስገምቱ 750 ሺህ መጣ። ክስ መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ገማች አድልዎ አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። ባልየው የመኖሪያ ቤትና የዘር መለያየት ታሪክ አጥኚ መሆኑ ጉዳዩን የበለጠ መራር ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ላይ ብንሆን ጨዋታው ሌላ ነበር። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» ነው፤ አሮጌው ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈርስ ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በወረቀት አይሸጥም፤ ሰው ሁሉ የሚከፍለው ግን ለእሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቤት የሚፈልግ ገዢ ይህን ዓይን ይዞ ቢመጣ አይጎዳውም። የሰባ ዓመት ራምብለር ዋጋ ትልቁ ክፍል ያለው ከሥሩ ያለው መሬትና ዙሪያው ላይ ነው። ዊተን ላይ የሜትሮ ጣቢያው በ1990 ሲከፈት ማንም ካቢኔ አልቀየረም፤ በእግር ርቀት ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ግን የነበሩበት ቦታ ላይ አልነበሩም። ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ የሚኖረው የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ በ2017 ከተጀመረ ወዲህ በመስመሩ ዳር ያለው ቤተሰብ አቧራውንም ተስፋውንም አብሮ ሲከፍል ቆይቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2022 ያጸደቀው የ2050 ዕቅድ ደግሞ በትልልቅ ጎዳናዎች ዳር ከአንድ ቤተሰብ በላይ የሚይዙ ቤቶች እንዲበዙ ያለመ ነው። አንድ ወለል ያለው ቤት ከጎኑ ሦስት ወለል ሲቆም ለአንዱ ውርደት፣ ለሌላው የመሬት ዋጋ ነው።

ቤቱ ራሱ ምንም አይደለም ማለት ግን አይደለም። ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የእርሳስ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ሻጭ የሚያውቀውን እንዲያሳውቅ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ሲሸጥ የራዶን ጋዝ ምርመራ ግዴታ ነው። የብረት የውሃ ቧንቧው ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ የኤሌክትሪክ ሣጥኑም የዚያው የጥንቱ። ይህን የሚያይ ሰው ኢንስፔክተሩ ነው፤ ገማቹ የቧንቧ ሐኪም አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገው «ባንኩ አይቶታል» ብለው ኢንስፔክሽን የሚተዉ ሰዎችን ሳይ ያንገበግበኛል።

ግምቱ አነሰ የሚል ተበዳሪ አበዳሪው እንደገና እንዲያጤን መጠየቅ ይችላል፤ ገማቹ ያለፋቸውን ኮምፖች ከነአድራሻቸው ይዞ። ይህን ለማድረግ ግን ሰፈሩን ከገማቹ እኩል ማወቅ ይጠይቃል። ያ ካቢኔ ሲከፍት ቅዳሜውን የጨረሰ ቤተሰብ የትኛው ጎረቤት መቼ በስንት እንደሸጠ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያኑና ወንድም ጋሼ ቅርብ ናቸው ብሎ ከተጠየቀው በላይ የከፈለ የእኛ ሰው ደግሞ ሳያስበው የሌላውን ኮምፕ ሠርቶለታል።

ገማቹ ሥራውን ሲጨርስ ከቤቱ ይወጣል። ሪፖርቱ የቤቱን ሦስት የውጭ ፎቶዎች ይፈልጋል፦ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ለሦስተኛው አስፋልቱ ላይ ይቆምና ፊቱን ከቤቱ አዙሮ መንገዱን ያነሳል።