ደካማው አስማተኛና የዳይስ ዕጣ

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተረት እየፈጠሩ የሚጫወቱት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካ ሲወጣ፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የደነገጉት ሕግ ጨካኝ ነበር። ለጀግናው ጉልበት፣ ብልሃት፣ ጥበብ፣ ጤና፣ ቅልጥፍናና ግርማ ሞገስ ይለካ ዘንድ ሦስት ዳይስ ስድስት ጊዜ ይጣላል፤ ተጫዋቹም የወጣለትን ይዞ ይኖራል። ሦስቱ ዳይሶች በ216 መንገድ ይወድቃሉ፤ 18 የሚሰጠው አንዱ፣ 3 የሚሰጠውም አንዱ ብቻ ነው።

ምስኪኑ አስማተኛ ግን ዕጣው ቢቀናውም አይተርፍም ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ይደግማል፤ ከዚያ ወዲያ ጩቤውን ይዞ ከጦረኛው ኋላ መከተል ነው። እርግጥ፣ ቢሰነብት ሁሉን ይበልጣል፤ ይሁንና ለከርሞ የተቀጠረ ሥጋ የዛሬ ራት አይሆንም።

ኋላ መድኃኒት ተፈለገለት። በ1979 በወጣው የአጫዋች መምሪያ አራት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መተው ተፈቀደና አማካዩ ከ10.5 ወደ 12 ገደማ ከፍ አለ። በ2014ቱ እትም ደግሞ 27 ነጥብ እንደ ገንዘብ ተሰጥቶ፣ እያንዳንዱን ችሎታ ከ8 እስከ 15 መግዛት ይቻላል፤ አስማተኛውም የማያልቁ ቀላል ድግምቶች አግኝቷል።

እኛን የሚያሳስበን የተጫዋቹ ዝምታ ነው። ጉልበቱ 4 የሆነ ጀግና ሲንገዳገድ ያስቃል፤ እንዲያውም ከብርቱው ይልቅ ይወደዳል። ተራው በደረሰ ቁጥር የሚሠራው የሚያጣ ሰው ግን በሚመጣው ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ አጫዋቹ ቁጥር ከመጨመሩ በፊት፣ ድንክዬው ብቻ የሚሾልክበትን ቀዳዳ በግንቡ ላይ ይክፈትለት፤ የበሩም ዘበኛ ጎራዴ የማይበግረው፣ ጨዋ አንደበት ግን የሚያለዝበው ይሁን።