አቧራ የማያግደው ሴንሰር
የራዳር ሴንሰር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን በመለካት ርቀትንና ፍጥነትን ያውቃል። በድንጋይ ካባ አቧራ የካሜራ መስታወት ሲሸፈን ራዳር ሥራውን ይቀጥላል፤ ለገልባጭ መኪናና ለኤክስካቫተር የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ምርጫው ከፍሪኩዌንሲ ይጀምራል። የአንቴናው መጠን እኩል ከሆነ የ80 ጊጋኸርትዝ ጨረር ከ24 ጊጋኸርትዝ ጨረር በጣም ይጠባል። ስለዚህ በረጅም የሲሚንቶ ሲሎ ውስጥ ግድግዳውንና መሰላሉን ሳይነካ የሲሚንቶውን ከፍታ ይለካል። ከተሽከርካሪ ኋላ የሚፈለገው ግን ሰፊ እይታ ነው።

የሚታየው ነገርም ይወስናል፤ ብረትና ውሃ ሞገዱን አጥብቀው ሲመልሱ፣ ደረቅ ፕላስቲክ አብዛኛውን ያሳልፋል። በሻጭ ወረቀት ላይ የሚጎላው ርቀት በትልቅ ብረት የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰውን ከስንት ሜትር እንደሚለይ መጠየቅ ይበጃል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚታጠብ ማሽን ደግሞ አይፒ 69ኬ የተሰኘውን የጥበቃ ደረጃ ያሟላ ሴንሰር ይፈልጋል።