የሽቦው ፍቅርና ሃያስያኑ

በሐመር ወረዳ፣ በዲመካ ከተማ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ከየመንደሩ የሚመጣው ወጣት የሚመዛዘነው በዓይን ነው፤ በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራው ጸጉር፣ ዶቃው፣ አረማመዱ ሁሉ ስለ ባለቤቱ አንዳች ነገር ይናገራል። ይህ ሁሉ ቀርቶ ከሰውየው የሚደርሰን ምልክት ብቻ ቢሆንስ? ኢንተርኔት ያመጣው የሚመስለን ይህ ጥያቄ የአንድ አስቂኝ ልብ ወለድ መነሻ ከሆነ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ የታተመው የኤላ ቺቨር ቴየር «ዋየርድ ላቭ» ማለትም «የሽቦ ፍቅር» ነው። ደራሲዋ በቦስተን በአንድ ሆቴል የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበረች። ባለታሪኳ ናቲም በዚሁ ሙያ ላይ ሳለች፣ በሌላ ከተማ ካለና «ሲ» ከሚባል ባልደረባ ጋር በሞርስ ነጥብና ሰረዝ ትወዳጃለች። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ መጀመሪያ አታውቅም። አንድ ቀን ቀይ ጸጉሩን በቅባት ያጨማለቀ፣ ሽቶው የሚያፍን ሰው «ሲ እኔ ነኝ» ብሎ ቢሮዋ ይመጣል፤ ፍቅሩም እዚያው ይበርዳል። (ዲመካ ቢሆን ኖሮ ቅባቱ ባላስነወረው ነበር።) ሰውየው ግን አስመሳይ ነበር።

አሳታሚው ጆንስተን የቴሌግራፍ ሠራተኞችን ጋዜጣም ያሳትም ስለ ነበር መጽሐፉ በቅድሚያ የደረሰው ለሙያው ሰዎች ነው። ለዓመታትም በብዛት ተሸጠ። ቴሌግራፍ ቦታውን ለስልክ ሲለቅ ልብ ወለዱም አብሮ ተረሳ፤ ዳግም ያስታወሰው የኢንተርኔት ዘመን ነው።

የዛሬ ሃያስያን አብዝተው የሚያደንቁት፣ ፍቅረኞች በኪሳቸው ይዘው የሚወዱትን ድምፅ የሚሰሙበት መሣሪያ ወደፊት ይፈጠር ይሆናል የሚለውን ንግግር ነው። «ትንቢት» ይሉታል። በእኔ አስተያየት ይህ ተጋንኗል፤ ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1876 ነውና።

የመጽሐፉ ብርታት ሌላ ነው፤ ደራሲዋ ሽቦውን ታውቀዋለች። በጊዜው አንድ መስመር በርካታ ቢሮዎችን በተከታታይ ያገናኝ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ፍሰቱን ሲያቋርጥና ሲቀጥል የሁሉም ማግኔት በአንድነት ቀጭ ቀጭ ይላል። ስለዚህ የናቲን ጨዋታ ሌሎች ያደምጣሉ፤ ጣልቃም ይገባሉ። ከዚህም በላይ የነጥቡና የሰረዙ ርዝመት፣ በመካከል ያለው ዕረፍት ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሠለጠነ ጆሮ ላኪውን ይለያል። ዛሬ በስልክ የምንልከው «ሀ» ግን የማንም ጣት ቢነካው ያው «ሀ» ነው። አስመሳዩ ናቲን ያታለላት በአካል መጥቶ መሆኑን ልብ ይሏል!

የገጸ ባሕርያቱ ቀልድ አንዳንዴ ይንዛዛል፤ ፍጻሜውም አስቀድሞ ይታወቃል። ነገር ግን እውነተኛው «ሲ» ተገኝቶ በአንድ ቤት ሲኖሩ፣ ፊት ለፊት መነጋገር ስለከበዳቸው በክፍሎቻቸው መካከል ሽቦ ይዘረጋሉ። በአንድ ዶርም ተኝተው በስልክ የሚጻጻፉ ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ሳይስቁ አይቀሩም።